ቬንገርን መውቀስም ቦታ አለው

ሰሞኑን የእንግሊዙን አርሰናል 22 ዓመት ስላሰለጠነው አርሰን ቬንገር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰነበተ። ለእኔም የላኩልኝ አሉ። የገረመኝ ላኪዎቹ አብዛኞቹ አርሰናሎች መሆናቸው ነው። ጸሐፊውም ራሱ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ ይላል። እኔ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። ለቬንገር ጥብቅና የመቆም ተራው የእኔ መሆን አልነበረበትም። ግን ሰውየው ስንት ዓመት አንጀቴን ሲያሳርረው ስለኖረ ዋጋውን አውቀዋለሁ። እንዲህ በርካሽ ሲሸጥ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው 22ቱን ዓመት ጠቅልሎ አንድ ፍርድ ይሰጣል፤ ቬንገር የተጋነነ አሰልጣኝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዋንጫዎች የቀድሞው አሰልጣኝ ጆርጅ ግራሃም ትቶት የሄደው የተከላካይ መስመር ውጤት ናቸው ይላል። የተጫዋቾቹን አመጋገብ ለወጠ የሚባለው ወሬ ተረት ነው። ሳይሸነፍ የጨረሰበት ዓመት በአቻ የተሞላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያለ ዋንጫ የከረመው ስስታም ስለሆነ ነው። አውሮፓ ላይ ዜሮ ነው። በመጨረሻም ለደመወዙ ሲል ወንበሩን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ክለቡን ባዶ አስረክቦ ሄደ። እንግዲህ ይኼ ነው ክሱ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ልመልስ።

ከውርሱ እንጀምር። በረኛው ሲማን፣ ተከላካዮቹ ዲክሰን፣ ዊንተርበርን፣ አዳምስ፣ ቦልድ፣ ኪዮን። እውነት ነው፣ አንዳቸውንም ቬንገር አላመጣቸውም። በርካምፕም የመጣው በ1995 በአሰልጣኝ ብሩስ ሪዮክ ጊዜ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነስቶ የሰው ወርቅ አያደምቅም ይለናል። ጥሩ። እነዚህ ተከላካዮች ቬንገር ከመምጣቱ በፊት ሊጉ ላይ ምን እያመጡ ነበር? በ1992-93 አርሰናል 10ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ42 ጨዋታ ያገባው 40 ጎል ብቻ ነበር፤ ከሊጉ ክለቦች ሁሉ ያነሰ። በ1994-95 ደግሞ 12ኛ ሆነ፤ ግራሃምም የተሰናበተው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። በ1995-96 ሪዮክ 5ኛ አድርጓቸው ነሐሴ ላይ እሱም ተባረረ። በጥሎ ማለፍ ዋንጫዎች ጎበዞች ነበሩ፤ ይኼን አልክድም። በ1994 የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫንም በልተዋል። ሊጉ ላይ ግን ዩናይትዶች ስለ አርሰናል ሐሳብ አልነበረንም።

ቬንገር በ1996 ጥቅምት ላይ መጣ። እነዚያኑ ሰዎች ይዞ የመጀመሪያውን ዓመት 3ኛ ወጣ፤ ሁለተኛውን ዓመት ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም ወሰደ። ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ውጭ የመጣ አሰልጣኝ ሊጉን ሲበላ የመጀመሪያው እሱ ነው። በተከላካዮቹ ላይ ምን የተጨመረ ነገር ነበር? ዕድሜ። ድርብ ዋንጫው ሲነሳ ሲማን፣ ዲክሰንና ዊንተርበርን 34 ዓመታቸው ነበር፤ ቦልድ 35። ሌላ ክለብ ቢሆን ጡረታ የሚያወጣቸው ሰዎች ናቸው። ከፊታቸው አማካዮቹን ቪዬራንና ፔቲን አቆመላቸው። ቪዬራን ክለቡ ከሚላን በ3.5 ሚሊዮን ፓውንድ ያመጣው በእሱ ምክር ነው፤ ገና ሥራውን በይፋ ሳይጀምር።

ውርስ ነው የሚል ሰው በ1998 ኤቨርተን ላይ የገባችውን አራተኛ ጎል ፈልጎ ይያት። የድሮው የአርሰናል ሜዳ ሃይበሪ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃ ቀርቶታል፤ አርሰናል 3 ለ 0 እየመራ ነው፤ ሊጉ አልቋል። ቦልድ ኳሷን ይዞ ቀና ይልና በተከላካዮቹ አናት ላይ ያሻግራታል። ወደ ጎል የሚሮጠውስ ማን ነው? ቶኒ አዳምስ። በደረቱ አበረዳት፣ በግራ እግሩ ጠለዛት፣ መረብ። አንዱ መሃል ተከላካይ አቀብሎ ሌላው መሃል ተከላካይ ጨረሰ ማለት ነው። በግራሃም ጊዜ እነዚህ ሰዎች የሚታወቁት ኦፍሳይድ ነው ብለው እጃቸውን አንድ ላይ በማንሳት ነበር።

ደግሞስ ውርስ ስንት ዓመት ይበላል? ዲክሰን በ38 ዓመቱ፣ አዳምስ በ35 ዓመቱ ጫማ የሰቀሉት በ2002 ሁለተኛውን ድርብ ዋንጫ በልተው ነው። እኛ ሜዳ ላይ፣ ኦልድ ትራፎርድ፣ በዊልቶርድ ጎል ሊጉን ያረጋገጡበት ዓመት። ይኼን ለማስታወስ ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልገኝም። ከዚያ በኋላ ያለው ቡድን ሎረን፣ ኮሎ ቱሬ፣ ካምቤልና አሽሊ ኮል ከኋላ፣ ሌህማን በረኛ ነው። ሎረን አማካይ ሆኖ ነው የመጣው፤ ቬንገር ቀኝ ተከላካይ አደረገው። ቱሬን ከኮትዲቯር በሽርፍራፊ ገንዘብ አምጥቶ መሃል ተከላካይ አደረገው። ግራሃም እዚህ ውስጥ የት ነው ያለው?

ስለ አመጋገቡ ብዙ አልልም። የመጀመሪያውን ጨዋታ ብላክበርን ላይ አሸንፈው ሲመለሱ ተጫዋቾቹ አውቶቡስ ውስጥ ማርስ ቸኮሌታችንን መልሱልን እያሉ መዝፈናቸው የታወቀ ወሬ ነው። ብሮኮሊ በልቶ ብቻ ዋንጫ የበላ የለም፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ አልተሳሳተም። አዳምስም የመጠጥ ሱሰኛ መሆኑን በራሱ አንደበት የተናገረው ቬንገር ሥራ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። በአንድ እጅ አይጨበጨብም። እንለፈው።

ወደ 2003-04 እንሂድ። 38 ጨዋታ፣ 26 ድል፣ 12 አቻ፣ 90 ነጥብ። ጸሐፊው 12ቱን አቻ ይዞ ሙድ ይይዛል። እስቲ በእንግሊዝ ሊግ ያለ ሽንፈት የጨረሰ ሌላ ቡድን ይጥራ። ከዚያ በፊት ፕሪስተን አለ፤ በ1888-89፣ በ22 ጨዋታ። ከዚያ በኋላ ማንም የለም። የሞሪኒዮ ቼልሲ በቀጣዩ ዓመት 95 ነጥብ ይዞ አንድ ተሸነፈ። የጋርዲዮላ ማንችስተር ሲቲ 100 ነጥብ ይዞ ሁለት ተሸነፈ። ሊቨርፑል በ2018-19 97 ነጥብ ሰብስቦ አንድ ተሸነፈ። የኛ የ1999 ቡድን ሦስቱንም ዋንጫ ሲበላ ሊጉ ላይ ሦስት ጊዜ ተሸንፏል። የኛው አሰልጣኝ የነበረው ፈርጉሰን 13 ጊዜ ሊጉን በልቶ አንድም ጊዜ ይኼን አላደረገም።

ዕድል ነው የሚለው ደግሞ አለ። ዕድልማ አለ። ኦልድ ትራፎርድ ላይ ቫን ኒስትልሮይ ባለቀ ሰዓት ፍፁም ቅጣት ምት ሲመታ አግዳሚውን ባይገጭ ኖሮ ይኼ ሁሉ ወሬ በመስከረም አልቆ ነበር። ኪዮን አናቱ ላይ እየዘለለ ሲጮህበት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ግን የአንድ ፍፁም ቅጣት ምት ዕድል 49 ጨዋታ አይወስድም። አርሰናል ከ2003 ግንቦት እስከ 2004 ጥቅምት ሊጉ ላይ አልተሸነፈም። ያስቆምነውም እኛው ነን፤ ይኼን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ከቁጥሩ ይልቅ የ2004 ሚያዝያን መጀመሪያ ማየት ይሻላል። ቅዳሜ በስኮልስ ጎል ከኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍፃሜ አስወጣናቸው። ማክሰኞ በዌይን ብሪጅ የመጨረሻ ሰዓት ጎል ቼልሲ ከቻምፒየንስ ሊግ ጣላቸው፤ ያውም ሃይበሪ ላይ። ዓርብ ሊቨርፑል መጣ። ዕረፍት ሲወጡ 2 ለ 1 እየተመሩ ነበር። በሳምንት ውስጥ ሦስቱም ሊሄዱ ነው። እኛ እዚህ እጃችንን እያሻሸን ነበር። ከዕረፍት መልስ ፒሬስ አገባ። ወዲያው ሄንሪ ኳሷን ይዞ የሊቨርፑልን ተከላካዮች አንድ በአንድ እያለፈ አገባ። በኋላም ሦስተኛውን ጨመረ፤ 4 ለ 2። ዕድለኛ ቡድን በዚያች ዓርብ ይፈርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከ2005 ኤፍኤ ካፕ እስከ 2014 ኤፍኤ ካፕ ያሉት ዘጠኝ ዓመታት። ጸሐፊው የጽሑፉን ግማሽ የሰጠው ለዚህ ነው። ስስት፣ ግትርነት፣ አራተኛ መውጣትን እንደ ዋንጫ መቁጠር። በዚያ ሁሉ ውስጥ ስታዲየሙን የሚያነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ቲኬት ተወደደ ለማለት።

ሃይበሪ የሚይዘው 38 ሺህ ሰው ነበር። ጠቧቸው በ1998 እና በ1999 የቻምፒየንስ ሊግ የሜዳቸውን ጨዋታ ዌምብሌይ ሄደው ነው የተጫወቱት። የኛ ኦልድ ትራፎርድ በ2006 76 ሺህ ደርሶ ነበር። እጥፍ ማለት ነው። በየጨዋታው እጥፍ ሰው ከሚያስገባ ክለብ ጋር አንገት ለአንገት መተናነቅ የሚቻለው እስከ መቼ ነው? ስለዚህ ኤምሬትስ ተሠራ፤ 60 ሺህ ሰው፣ 390 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ። አብዛኛው ብድር ነው። ቬንገር በኋላ እንደተናገረው ባንኮቹ እሱ ለአምስት ዓመት እንዲፈርም ፈልገው ነበር። ባንክ ቤት ወይም መሬት አስይዝ ሲል ሰምተናል፤ አሰልጣኝ አስይዙ ሲል ግን አልሰማንም።

ጊዜው ደግሞ ከዚህ የከፋ ሊሆን አይችልም ነበር። በ2003 ሩሲያዊው ባለሀብት አብራሞቪች ቼልሲን ገዛ፤ በዚያው ክረምት ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ። አርሰናል በዚያ ክረምት ለዋናው ቡድን ያመጣው ትልቅ ስም ሌህማንን ብቻ ነው። የቀሩት እንደ ፋብሪጋስና ክሊሺ ያሉ ልጆች ናቸው። በ2008 የአቡዳቢ ገንዘብ ሲቲ ገባ። ቬንገር ብድር እየከፈለ ሳለ ጎረቤቶቹ ነዳጅ አገኙ። ቤት እየሠራ ያለ ሰው ሽሮ ቢያዘወትር ስስታም አይባልም። ጸሐፊው ግን ምጣዱን እያየ ግድግዳውን ረሳው።

በዚህ መሃል የሄዱትን ቁጠሩ። ቪዬራ በ2005፣ ሄንሪ በ2007። ቱሬና አዴባዮር በ2009 ወደ ሲቲ። በ2011 ፋብሪጋስ ወደ ባርሴሎና፣ ናስሪና ክሊሺ ወደ ሲቲ። በ2012 ቫን ፐርሲ ወደ እኛ። ቫን ፐርሲ በመጣበት ዓመት 26 የሊግ ጎል አግብቶ ዋንጫ አበላን። ከዚያ ኤምሬትስ ሄድን። ወጉ ነውና የአርሰናል ተጫዋቾች በሁለት ረድፍ ቆመው እያጨበጨቡ ሻምፒዮኖቹን አሳለፉ። በመካከላቸው ባለፈው ዓመት አምበላቸው የነበረው ሰው እየሮጠ ገባ። እኔ እንኳ፣ ዩናይትዱ፣ ደስታዬን ዋጥ አደረግኩት። ያን ቀን ቬንገር መስመሩ ዳር ቆሞ ነበር። እንዲህ እያደረጉት በዓመቱ መጨረሻ ላይ እንደገና ቻምፒየንስ ሊግ ገባ።

እንዲያውም ባዶ ዓመታት ሁሉ አንድ አልነበሩም። በ2007-08 ፋብሪጋስ፣ ፍላሚኒ፣ ህሌብና አዴባዮር ያሉበት የልጆች ቡድን እስከ የካቲት ሊጉን ይመራ ነበር። በርሚንግሃም ላይ የኤድዋርዶ እግር ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ነጥብ መጣል ጀመሩ። በ83 ነጥብ ጨረሱ። እኛ በ87 በላን።

አራተኛነት ቀላል ነው የሚለውን ደግሞ ሌሎች ክለቦችን ጠይቁ። ሊድስ በ2001 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ ደረሰ፤ ከአቅሙ በላይ ተበድሮ በ2004 ወረደ። ሊቨርፑል ከ2010 ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ ቻምፒየንስ ሊግን በቴሌቪዥን ነው ያየው። ቶተንሃም ስታዲየም ሲሠራ በ2018 ክረምት አንድም ተጫዋች አልገዛም፤ ስታዲየሙ በተከፈተ በወራት ውስጥ ፖቼቲኖን አባረረ፤ ከዚያ በኋላ ስንት አሰልጣኝ እንደቀያየረ ታውቃላችሁ። ቬንገር ቻምፒየንስ ሊግ 19 ዓመት በተከታታይ ገብቷል። እሱ ከሄደ በኋላ አርሰናል ተመልሶ እስኪገባ 2023 ድረስ ጠበቀ። እኛስ ብንሆን ፈርጉሰን በወጣ በዓመቱ 7ኛ አልሆንንም?

ብድሩን የፈረመው ቦርዱ፣ ትርፉን የሚቆጥሩት ባለ አክሲዮኖቹ፣ የሚሰደበው አሰልጣኙ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለዚህ ነው። ገንዘቡ ሲላላ ደግሞ ኦዚል በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ፣ በዓመቱ ሳንቼዝ ተከተለ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ኤፍኤ ካፕ ተበላ። በጠቅላላው ሰባት ኤፍኤ ካፕ አለው። በዚህ ውድድር ከእሱ የሚበልጥ አሰልጣኝ የለም፤ ፈርጉሰንም ጭምር።

አውሮፓ ላይ አልከራከርም። ሁለት ፍፃሜ ተሸንፏል፤ በ2000 የዩኤፋ ካፕን በጋላታሳራይ በመለያ ምት፣ በ2006 ቻምፒየንስ ሊግን በባርሴሎና ፓሪስ ላይ። ሌህማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ባይወጣ፣ ፒሬስ ለበረኛ ብሎ ባይቀየር የሚለውን ወሬ አርሰናሎች ሲያወሩት ይኖራሉ። ካምቤል አግብቶ እስከ 76ኛው ደቂቃ መርተው ነበር። ግን ዋንጫው የለም። ከ2011 እስከ 2017 ድረስ ሰባት ዓመት በተከታታይ ከ16ቱ ማለፍ አለመቻሉም ሐቅ ነው፤ የመጨረሻው በባየርን 10 ለ 2 ድምር ውጤት ነበር። ይኼ የጸሐፊው ነጥብ ነው፤ ይያዝለት።

ለደመወዙ ሲል ተቀመጠ የሚለው ግን አይገባኝም። ስለ ቆይታው ርዝመት እናውራ ካላችሁ አንድ የኛን ልጅ ልጥቀስ። ጌዲዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደው በ1997 ጥር ላይ ነው፤ ቬንገር አርሰናል ከገባ በኋላ ማለት ነው። በ2014 ኤፍኤ ካፕ ላይ ከኮቨንትሪ ጋር ተቀይሮ ሲገባ ቬንገር ከተሾመ በኋላ ተወልዶ በቬንገር ሥር ለአርሰናል የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያን ሰሞን ዲኤስቲቪ ቤት ሁሉ አርሰናል ሆኖ ነበር። በዚያን ጊዜ ከሪያል ማድሪድ እስከ ፓሪስ ስሙ የሚነሳ ሰው ነበር ቬንገር። ደመወዝ ብቻ የሚፈልግ ሰው ብድር ያለበት ክለብ ውስጥ ምን ያደርጋል?

በዛበት ወይ? አዎ። በእኔ ግምት በ2017 ቼልሲን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ይዞ ዌምብሌይ ላይ መሰናበት ነበረበት። ሁለት ዓመት ፈረመ፤ አንዱ ዓመት ሲቀረው ሄደ፤ 6ኛ ሆኖ።

ቬንገርን በደንብ መምታት የሚፈልግ ሰው ግን የሚመታበት ቦታ አለ። ጸሐፊው ጭራሽ አላነሳውም፤ 2015-16። ቼልሲ 10ኛ የሆነበት ዓመት። እኛ 5ኛ ሆነን ጎል በማያገባ ቡድን የተሰቃየንበት። ሲቲ ጋርዲዮላን እየጠበቀ የተዘናጋበት። ሊጉ በሩን ከፍቶ ግቡ ብሎ ነበር። ብድሩም ላልቷል። በዚያ ክረምት ቬንገር የገዛው ፒተር ቼክን ብቻ ነው፤ በረኛ። አጥቂ የለም፣ አማካይ የለም፣ ተከላካይ የለም። ሌስተር በ81 ነጥብ በላ፤ አርሰናል በ71 ሁለተኛ ሆነ። የሚያናድደው ሌስተር ዓመቱን ሙሉ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለቱ በአርሰናል። ሜዳቸው ላይ 5 ለ 2 ደበደቧቸው፤ ኤምሬትስ ላይ ዌልቤክ በ95ኛው ደቂቃ አገባባቸው። ሻምፒዮኑን ሁለቴ አሸንፎ በአሥር ነጥብ መበለጥ! ስስታም ማለት ካስፈለገ ያኔ ነው። ስታዲየምም፣ ባንክም፣ አብራሞቪችም ሰበብ የማይሆኑበት ዓመት ያ ብቻ ነው። የሰው ጥፋት ቆጥሬ ልጻፍ ብሎ የተነሳ ጸሐፊ ይኼን መዝለሉ ይደንቃል።

የቀረው ባዶ አስረከበ የሚለው ነው። በ2011 ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ቀጠቀጥናቸው። ሦስት ቀን ቆይቶ፣ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣ ቬንገር ተሯሩጦ ሰው ገዛ። ጸሐፊው ይኼን የድንጋጤ ግዢ ብሎ ይስቅበታል። ያኔ እኛም ስቀናል። ከተገዙት አንዱ ፔር ሜርተሳከር ነው። ዘገምተኛ ነው ተባለ። በ2017 ፍፃሜ ዓመቱን ሙሉ በጉዳት ከርሞ ገብቶ ዲዬጎ ኮስታን ሲይዘው ዋለ፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የክለቡን አካዳሚ የመራው እሱ ነው። ሌላው ከኤቨርተን የመጣ አማካይ ነው፤ አምበል ሆነ፣ ኤፍኤ ካፕ በላ፣ ጫማ ሰቀለ። በ2019 መጨረሻ አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ፤ በወራት ውስጥ ኤፍኤ ካፕ አመጣ፤ ከ2023 እስከ 2025 ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ስሙ ሚኬል አርቴታ ነው። ጸሐፊያችን ዛሬ የሚደግፈው ቡድን አሰልጣኝ።